ዘበኛ የሌላት መብራት

መስከረም 24

ይድረስ ለእህቴ ለመርፌ፤

እንደምን ከርመሻል ብዬ አልጠይቅሽም። አራት ገጽ ጽፈሽ ስለ ራስሽ አንዲት መስመር ካልጻፍሽ እንዴት እንደከረምሽ ገብቶኛል። እኔ ደህና ነኝ። ሳሉ ለቆኛል፤ የላክሽው ካልሲም ደርሶኛል፤ ግራው ብቻ። የቀኙን ማን እየሞቀበት እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

ለጠየቅሽኝ መልሴ፦ አይሸጥም። ጠረጴዛውም፣ መበየጃውም፣ ያ በየመሳቢያው የዕቃ ስም የለጠፍንበት ቁም ሳጥንም አይሸጥም። ወጥቼ እሠራበታለሁ ብዬ አይደለም። ከዘጠኙ የእስር ዓመት ገና ሁለቱን መጨረሴ ነው፤ ብወጣም እጄ ከእንግዲህ መበየጃ የሚይዝ አይመስለኝም። እዚህ ሬዲዮ የተበላሸበት ሁሉ "ጠጋኝ ነህ አሉ" እያለ ሲመጣ "ተሳስታችኋል፣ እኔ አናጢ ነኝ" እላለሁ። ትናንት ታዲያ አንዱ እግሩ የወለቀ ወንበር ተሸክሞልኝ አይመጣ መሰለሽ! እየተሳደብኩ ስጠግን ዋልኩ።

መሥሪያ ክፍሏ ግን የአባባ ናት። ዓይኑን ስኳር ቢወስድበትም እጁ ያያል። ጠዋት ጠዋት ገብቶ መሳቢያዎቹን ካልዳሰሰ ቀኑ አይነጋለትም። አንዱ ቢጎድል ያውቃል፤ ተስፋ መቁረጣችንንም ያኔ ያውቃል።

ደወል ልሥራለት ወይ ላልሽው፣ ሥሪለት። ጯሂዋን ከአሮጌው የማንቂያ ሰዓት ውስጥ አውጪያት። ሁለት የባትሪ ድንጋይ ይበቃታል። አደራሽን፣ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ጋር እንዳታገናኚያት። መጫኛውን ትልቅ አድርጊለትና በእጅ የሚለይ ጨርቅ አልብሺው። ዕቃ ከፈለግሽ ከእኔ ሥራ ላይ ንቀይ። ወረቀት መተው አያስፈልግሽም። የአባባን ሕግ ታስታውሻለሽ አይደል? "ከሌላው ሥራ ላይ ዕቃ የወሰደ የወሰደውን ጽፎ ይተው።" አሁን ማን ያነበዋል፣ ሁሉም ያንቺ ነው።

ወንድምሽ


ጥቅምት 11

ለወንድም ጋሼ፤

መልሴ ስለዘገየ አትቀየመኝ፤ የጥልፍ ሥራ ተደራርቦብኝ ነው። ደብዳቤህን ለአባባ ሦስት ጊዜ አነበብኩለት። ወንበሩ ጋ ስደርስ እንዴት እንደሳቀ ብታይ! ስንት ጊዜዬ ነው ሳቁን ከሰማሁ። "አናጢ! አያቱም አናጢ አልነበረ!" ይላል።

ደወሉ ሠራ። መጫኛውን ከፋይ አለበስኩት። አሁን ታዲያ ፍዳዬን እያየሁ ነው። "ምን ልታዘዝ?" ብዬ ስሮጥ "ልሞክረው ብዬ ነው" ይለኛል። በቀን አሥር ጊዜ ይሞክረዋል።

ባለፈው ደግሞ ስለ ጎረቤታችን ስለ ጋሽ ሰፊው ሚስት ጠይቀኸኝ ነበር። አሉ። የስፌት ሱቁ ከተቃጠለ፣ ጋሽ ሰፊውም እዚያው ውስጥ ከቀሩ ወዲህ እትዬ በደጃችን ሲያልፉ ሰላም አይሉንም። አባባም ድምፃቸውን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ፍርድ ቤት "ባሌን የገደለው የልጅህ መብራት ነው" ያሉትን እስከ ዛሬ አልረሳላቸውም። ባለሙያ ተብዬው የተቃጠለችውን መብራት ፈትቶ "ዘበኛዋ የለችም" ሲልማ ሰው ፊት ነው ውሸታም ያለው። ባትሪ ሲሞላ ኤሌክትሪኩን የምትዘጋዋን ቦርድ አንተ ልትረሳት? "ልጄ ሥራ ሳይጨርስ ከቤት አያወጣም ብዬ ምያለሁ" እያለ በየቀኑ ይደግመዋል። እኔም አንተ ለዳኛው "በእጄ ነው የበየድኳት" ያልከውን ይዤ፣ ሰፈሩን ሁሉ ተጣልቼ እኖራለሁ። ስለ ራስሽ አልጻፍሽም ስላልከኝ ነው እንጂ ይሄንንም ባልጻፍኩ ነበር።

እህትህ መርፌ


ጥቅምት 29

ወንድም ጋሼ፤

መልስህን በቤት አድራሻ አትላከው። በምሠራበት ጥልፍ ቤት አድርገው። ለአባባ የማነብለት አይደለም።

ሰላም ነህ ወይ ማለት አፌ እምቢ አለኝ፣ ይቅር በለኝ። ማክሰኞ የዚያች ሙሽራ እናት ቬሎውን ይዘው መጡ። ትንንሽ አምፖል የተከልኩበትን፣ አንተ "ሙሽራ ነው ወይስ ምግብ ቤት?" እያልክ የሳቅክበትን። ለሁለተኛ ልጃቸው ሊያደርጉት ፈልገው፣ መብራቱ እምቢ ብሏቸው ነው። አንገቱ ላይ የሰፋሁትን የባትሪ ኪስ ተረተርኩት። ውስጡ ዘበኛ አለች። ጥግዋ ላይ ያንተ ቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አለ፤ ከሥሩ በእጅህ የጻፍከው ሰባት ቁጥር። ሰባት ቁጥር የጋሽ ሰፊው መብራት ነበረች።

ከዚያ ሁሉም ትዝ አለኝ። ያን ዓርብ የሙሽራዋ ሰዎች ሳሎን ተቀምጠው እግራቸውን ያወዛውዛሉ፣ እኔ ዘበኛ አልቆብኛል። ያንተ መብራት ጠረጴዛው ላይ ክዳኗ ተከፍቶ ተኝታለች። ዘበኛዋን ነቀልኳት። መብራቷ እንዳትጠፋብህ በቦታዋ ሽቦ አገናኘሁ። ነገ ሌላ እገዛለታለሁ ብዬ።

ወረቀት መተዌን አላስታውስም። አምስት ቀን ሙሉ ሳስብ ሰነበትኩ፣ አላስታውስም። ትቼ ቢሆን ታየው ነበር። አይተኸው ቢሆን አትሰጣቸውም ነበር። ስለዚህ አልተውኩም ማለት ነው።

ጋሽ ሰፊውን የገደልኩት እኔ ነኝ። አንተ የእኔን እስር ታስረህ እኔ ካልሲ እልክልሃለሁ። ምን እንደምጠይቅህ እንኳ አላውቅም።

መርፌ


ኅዳር 9

ውድ እህቴ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደጋግሜ አነበብኩት። አታልቅሺ። ይቅር ብዬሻለሁ፤ ከልቤ ነው፣ ቂም የለኝም። ተቻኩለሽ ነበር፣ ሰው ሳሎን ቁጭ ብሎ እያጣደፈሽ ነበር። ሆን ብለሽ አላደረግሽውም።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ለማንም አትናገሪ። ለአባባም ቢሆን። ቦርዷን የሆነ ቦታ ጣያት። የሆነው ሆኗል፤ እኔ አንዴ ገብቻለሁ፣ ተሸክሜው ልጨርስ። ሁለታችንም ብንታሰር አባባን ማን ያያል?

ደህና ተኚ። ጥፋተኛ ነኝ እያልሽ ራስሽን አትብዪ።

የሚወድሽ ወንድምሽ


ኅዳር 27

ወንድም ጋሼ፤

ያልከኝን አላደረግኩም። በመጀመሪያ እሱን ይቅር በለኝ።

ደብዳቤህን ደረቴ ላይ ይዤው ሰነበትኩ። እንዲህ ያለ ወንድም ውስጥ ታስሮ እኔ ውጭ ፀሐይ ልሙቅ? አንጀቴ እምቢ አለ። እትዬ ቤት ሄድኩና እግራቸው ሥር ተንበረከክኩ። ይመቱኛል፣ ይጮኻሉ ብዬ ነበር። ተቀምጠው ሰሙኝ። ስጨርስ "ቬሎው ያምር ነበር?" አሉኝ። ጋሼ፣ ቢደበድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ጠበቃህ ጋ ሄድኩ። ቦርዷንም ሰጠሁት። "አዲስ ማስረጃ ነው" ብሎ ከወንበሩ ተነሣ። ይግባኙ ለጥር ተቀጥሯል፤ ቃሌንም ለመርማሪው ሰጥቻለሁ።

ለአባባም ነገርኩት። መጀመሪያ ፊቱ እንዴት እንደበራ ልነግርህ አልችልም። "ብዬ ነበር! ልጄ ጨርሶ ነው የሰጠው ብዬ ነበር!" እያለ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። እኔ አጠገቡ መቆሜ የታወሰው ቆይቶ ነው። እጄን ፈልጎ ያዘኝ። ደስታውን አልቀየምኩትም። ሁለት ዓመት የጠበቀው ነው።

ከእንግዲህ የሚደበቅ የለም፣ እንደ ድሮው በቤት አድራሻ ጻፍ። እያነበብኩለት ነው የሚኖረው።

መርፌ


ታኅሣሥ 6

ለአባባና ለእህቴ፤

ጠበቃው መጥቶ ነበር። "ትወጣለህ" ብሎኛል፣ እንዲሁ በደፈናው። ተኝቼ ስነቃ ሕልም መስሎኝ ግድግዳውን ነካሁት። አብሮኝ የሚተኛው ነጋዴ ብርድ ልብሴን ከአሁኑ ውርስ ጠይቆኛል።

ግራጫው ሹራቤ ብል በልቶት እንደሆነ እዪልኝ። የፍርድ ቀን የምለብሰው ነው። አባባ፣ አይዞህ። መጣሁ።

እህቴ፣ አንቺን ምን ያደርጉሻል? ጠበቃውን ስጠይቀው ወሬ ቀየረብኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 21

ወንድም ጋሼ፤

ሹራብህን ብል አልበላውም። አጥቤ ለጠበቃው ሰጥቼዋለሁ።

ስለ እኔ የጠየቅከውን አንተ ከምትጨነቅ ልንገርህ። ጠበቃው እስከ ሦስት ዓመት ነው አለኝ። ራሴ ሄጄ ስለተናገርኩ ሁለት ሊሆን ይችላል። የሚያስጨንቀኝ አንተ ሳትወጣ እኔን ከወሰዱኝ በመሐል ያለው ጊዜ ነው። አባባ ብቻውን መሆኑ።

ስለዚህ ቤቱን እያዘጋጀሁለት ነው። በዕቃው ሁሉ ላይ በዳሰሳ የሚለየው ነገር እየሰፋሁ ነው። የመድኃኒቱ ከረጢት ላይ አንድ ቁልፍ፣ የስኳሩ ማሰሮ ላይ ሁለት፤ እንዳይነካው። ከአልጋው እስከ መጸዳጃው ገመድ ዘርግቼ፣ ደረጃው ጋ ሲደርስ እንዲያውቅ ቋጠሮ አድርጌበታለሁ። ትናንት ገመዱን ይዞ ብቻውን ሄዶ ተመለሰ። "ይኸው፣ አታስፈልጊኝም!" አለና ቀለደ። ከዚያ አልጋው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

የጥልፍ ቤቷ ባለቤት አሰናብታኛለች። እውነቷን ነው፣ ደንበኞቿ ሰምተዋል። ቅሬታ የለኝም። አንተ እንኳን ይቅር ያልከኝ ሰው እኔ፣ ምን ቅሬታ ይኖረኛል? ሌሊት ሲጨንቀኝ ያቺን ደብዳቤህን አውጥቼ አነባታለሁ።

መርፌ


ጥር 3

እህቴ፤

ሰላምታ ይቅርብኝ።

ወረቀት ትተሽ ነበር።

ክዳኑ ሥር፣ ባትሪው ላይ፣ በጥልፍ ክር አስረሽ። "ዘበኛዋን ለቬሎው ወስጃታለሁ። በቦታዋ ሽቦ ነው ያለው። ሳትተካት ለጋሽ ሰፊው እንዳትሰጣቸው" ይላል። በቃሌ ነው የምጽፍልሽ። ኤሌክትሪክ ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ነበር። ጋሽ ሰፊው በር ላይ ቆመዋል፤ የተማሪዎቹን ዩኒፎርም ለሰኞ ማድረስ አለባቸው። "ነገ ይምጡ" ልል አፌን ስከፍት "አባትህ በደህና ጊዜው ነገ ብሎኝ አያውቅም" አሉኝ። አፈርኩ። በቃ ይኸው ነው፣ አፍሬ ነው። ወረቀቷን ኪሴ ከትቼ ክዳኑን ገጠምኩ። ኤሌክትሪክ የለ፣ ምን ላይ ይሰኳታል፣ ነገ መልሼ ወስጄ እተካታለሁ አልኩ። ኤሌክትሪኩ በዚያው ዕለት መጣ። እሳቸውም ሰክተዋት እዚያው ሱቃቸው ውስጥ ጋደም አሉ።

ፖሊስ ጣቢያ ሲፈትሹኝ ወረቀቷ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ፈታሹ መጀመሪያዋን መስመር ብቻ አነበበና ቬሎ የምትለውን አይቶ "የሠርግ ጣጣ" ብሎ መለሰልኝ። ቀዳድጄ ጣልኳት። ዳኛው ፊት "በእጄ ነው የበየድኳት" አልኩ። በይጃት ነበር፣ አልዋሸሁም፤ መነቀሏን ማወቄን ነው የዋጥኩት። አባባ ሲምልልኝም ዝም ብዬ ሰማሁት።

አሁን ደግሞ የባሰውን ልንገርሽ። የጥቅምቱ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ነው የምልሽ። ሁለት ዓመት ብቻዬን የተሸከምኩት ነገር ሌላ ባለቤት አገኘ። ይቅርታ ስትጠይቂኝ፣ ይቅር ባይ መሆን እንዴት እንደሚጣፍጥ ብነግርሽ አታምኚኝም። ያቺን ደብዳቤ ስጽፍ ራሴ አልቅሻለሁ፣ ምን ያለ ደግ ሰው ነኝ ብዬ። ጠበቃው ትወጣለህ ሲለኝም ሹራቤን ነው ያሰብኩት። ገመዱንና ቋጠሮውን ሳነብ ነው የታመምኩት።

ለፍርድ ቤቱም ይኸንኑ ጽፌያለሁ፤ ዛሬ አብሮ ይወጣል። አንቺ ጥፋት የለብሽም። ሕጋችንን ጠብቀሻል። ያፈረስኩት እኔ ነኝ።

ወንድምሽ ነኝ ለማለት አፌን ያዘኝ።

ይኼን ለአባባ አታንብቢለት።


ጥር 20

ወንድም ጋሼ፤

"ለአባባ አታንብቢለት" ያልከውን መጨረሻው መስመር ላይ ነው የጻፍከው። መጀመሪያው ላይ ብትጽፈው ምን ነበረበት? ሁልጊዜ እንደማደርገው አልጋው ጫፍ ተቀምጬ፣ ፖስታውን ቀድጄ፣ እሱ ትራሱን አስተካክሎ፣ ጮክ ብዬ ጀመርኩ። "ወረቀት ትተሽ ነበር" የሚለው ጋ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። "ቀጥይ" አለኝ። ቀጠልኩ። ምን ላድርግ? ሌላ ነገር ፈጥሬ እንዳላነብ፣ እንዳንተ ዓይነት ልምድ የለኝም።

ስጨርስ "ድገሚው" አለ። ደገምኩለት። ከዚያ "ወረቀት መተውሽን እኔ ማወቅ ነበረብኝ። ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁ?" አለኝ። ያኔ ነው ስቅስቅ ብዬ ያለቀስኩት። ሦስት ወር ሙሉ ነፍሰ ገዳይ ነበርኩ ጋሼ። በገዛ እጄ ራሴን ላጠፋ የደረስኩበት ቀን ነበረ፣ ያቺ ደብዳቤህ ናት የመለሰችኝ። አሁን አስባት! በውሸትህ ነው በሕይወት የቆየሁት።

በማግስቱ ሸሚዙን አልብሺኝ አለኝና ፍርድ ቤት ወሰድኩት። "ምዬ የተናገርኩት ትክክል አልነበረም፣ መልሱልኝ" አላቸው። ጸሐፊው ያንተ ጽሑፍ ደርሷል፣ አያስፈልግም ቢለው እምቢ አለ። ቆሞ አስጻፈ፣ በጣቱም ፈረመ። ስንመለስ እትዬ ቤት በር ላይ ቆምን። "እኔ ነኝ፣ ፊቴን ሳዞርብሽ የኖርኩት" ሲላቸው እጁን ይዘው አስገቡት። እዚያ ውስጥ የተባባሉትን አልሰማሁም፣ ውጭ ነው የጠበቅኩት።

እኔን አንከስሽም ብለውኛል። ይግባኝህ ወድቋል። ሰባቱ ዓመት እንዳለ ነው፤ አባባ ሰባት ዓመት እንደማይቆይ አንተም ታውቃለህ፣ ሐኪሙም ነግሮኛል።

ይቅር ብዬሃለሁ እንድልህ ትጠብቅ ይሆናል። ያንን ቃል አሁን ከእኔ አትጠብቅ። ስሰማው ያመኛል።

መርፌ


መጋቢት 2

ወንድም ጋሼ፤

ሦስቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። ሳልመልስ የቀረሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም።

የጠየቅከኝን ልመልስ። አዎ፣ እግሩ ላይ ያለው ቁስል ሰፍቷል። አይ፣ መሥሪያ ክፍሉ አይገባም። ገመዱን ይዞ በበሩ ያልፋል እንጂ መሳቢያ አይነካም። ሥራ አግኝቻለሁ፣ ሌላ ሰፈር፣ የልብስ ቁልፍ ተከላ ነው። ጠረጴዛውንና ዕቃውን ግን ሸጥኩት። ቅር ቢልህም ያው ነው፣ ለመድኃኒቱ ነው።

"ስሜን ያነሣል ወይ?" ላልከው፣ አያነሣም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ። እኔም አላነሣህም። ደብዳቤህ ሲመጣ ግን የፖስተኛውን እግር ይሰማል፣ ፖስታው ሲንኮሻኮሽም ይሰማል።

"ከማን ነው?" ይለኛል።

"በስህተት የመጣ ነው፣ የማናውቀው ሰው ነው" እለዋለሁ።

ትራሱን ያስተካክልና "ክፈቺው እንጂ ታዲያ፣ ታሞ እንደሆነስ?" ይለኛል።

መርፌ